ጓሳ ላይ ያልተከፈተችው ሙዳይ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከሥሩ እስከ ጫፉ እውነት ነው። ከራሴ አንዲት ቃል ብጨምር የአባቴ አጥንት ይውጋኝ። አባቴ ደግሞ በሕይወት አሉ፤ አጥንታቸው ከነሥጋው ቁጭ ብሎ ጠላውን እየጠጣ ነው፤ ልውጋ ካለ ከሙት አጥንት ይልቅ ለእኔ ይቀርባል። ስለዚህ መሐላዬ ከማንም መሐላ ይከብዳል። ይህን ያነበበ የትውልድ ቀዬዬ የቀየት ሰው «ዳኜ ደግሞ ጀመረው!» ማለቱ አይቀርም። ይበል። የቀየት ሰው ከገበያ የገዛውን በግ እንኳ «ባ» እስኪልለት ድረስ በግ ነው ብሎ አያምንም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት። እኔ መንዝ ውስጥ የሞላሌ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ነበርኩ። ትምህርቴን ለሚጠይቅ፦ ዳዊት እስከ ግማሽ፣ አስኳላ እስከ አራተኛ። ከየኔታ ዘንድ የተባረርኩት በቅሏቸውን ጥምጣም ጠምጥሜ ደጀ ሰላም ላይ ስላቆምኳት ነው። ከአስኳላው የተባረርኩበት ምክንያት ረዥም ነው፤ ፍየል አለበት።

ጤና ጣቢያው አንዲት መኪና ነበረችው። ጓሳ በሚባለው ደጋችን ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ የመጣ ፈረንጅ አብዮቱ ሲፈነዳ ጥሏት የሄደ ነች። ጣሪያዋ እንደ ሌላ መኪና ጣሪያ አንድ ወጥ አይደለም። ከሾፌሩ ራስ በላይ አንድ፣ ከጎኑ ከሚቀመጠው ራስ በላይ አንድ፣ ሁለት ክዳን አላት። እያንዳንዱን ክዳን ከፊትና ከኋላ መቀርቀሪያ ይይዘዋል። መቀርቀሪያዎቹን ሲለቋቸው ክዳኑ ብድግ ይላል፤ ፈረንጁ በዚያ ቀዳዳ እስከ ወገቡ ብቅ ብሎ ቀበሮ ይቆጥር ነበር። የሞላሌ ሰው ይህን አይቶ መኪናዋን «ሙዳይ» አላት፤ ሙዳይ ሆና ቀረች።

ሙዳይ ከመምጣቷ በፊት ምጥ የጠናባት ሴት ሐኪም ቤት የምትሄደው በቃሬዛ ነበር። ወንዶች እየተፈራረቁ ይሸከሟታል፤ ዳገቱ አያልቅም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የደረሰችም አለች፤ ያልደረሰችም አለች። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ጤና ረዳታችን የትምወርቅ አንዲቱን መንገድ ላይ ካጣች ወዲህ ሙዳይን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቃት። በጭቃ እግሩ የገባባት ሰው ከየትምወርቅ ጋር አለቀለት።

የሙዳይ በሽታ መቀርቀሪያዋ ነበር። ፈረንጅ የሠራው መቀርቀሪያ ቀለል ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ለፈረንጅ አገር ነፋስ የተሠራ ነው። የጓሳን ነፋስ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳም። ጓሳ ላይ ቁራ አይበርም፤ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ክንፉን ከከፈተ የሚያርፈው ወሎ ነው። በጎቹን የሚሸልታቸው ነፋሱ ነው፤ ባለቤቱ ቆላ ወርዶ ጠጉሩን ከየቁጥቋጦው ይለቅማል። በእንዲህ ያለ ነፋስ አራቱ መቀርቀሪያዎች ተራ በተራ ተሰባበሩ። ሾፌራችን ገሠሠ አንዱን ስባሪ በመሐረብ ቋጥሮ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ ወሰደው። ባለሱቁ አገላብጦ አየውና «ወንድሜ፣ ይሄ የመኪና ነው ወይስ የሻንጣ?» አለው።

ገሠሠ የገበሬ ልጅ ነው። ሞፈርና ቀንበር እንዴት እንደሚያያዙ ያውቃል። ጥሬ ጠፍር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ክዳኖቹን ከመኪናዋ ጋር ጥፍር አድርጎ አሰራቸው። ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ከብረት ይብሳል። ፀሐይ ሲመታው ክዳኑ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ በጣት ቢነኩት ያዜማል። «ጉድ ሠራን!» ተባብለን ጠላ ቤት ገባን። የረሳነው ነገር ቢኖር፣ ገበሬ ዶፍ ሲመጣ በሬውን ፈቶ፣ ሞፈሩን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። መኪና ወዴት ትገባለች? የበልግ ዝናብ ጓሳ ላይ ሲያገኘን ጠፍሩ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለሰለሰ። ነፋሱ የቀኙን ክዳን ብድግ አደረገና ይዞት ሄደ።

ክዳኑን ያገኘነው አንድ ቤቱን የሚከድን ሰው ዘንድ ነው። ጓሳ ሣሩ እስኪበረክት ድረስ በአገር ሕግ ይዘጋል፤ አንዲት ዘለላ የሚያጭድ የለም። ሰውየው ታዲያ ጣሪያውን ሳይጨርስ ሣር አልቆበት፣ ጣሪያው ላይ እንደተቀመጠ «ጌታዬ፣ ይህን ቀዳዳ ምን ልድፈነው?» ብሎ ሲያንጋጥጥ ክዳናችን ከሰማይ ወርዶ ልክክ አለለት።

«የኛ ነው» አልኩት።

«ያንተ ከሆነ ሰማይ ምን ይሠራል? እግዜር የሰጠኝን ለዳኜ ልስጥ?»

ጓሳው ሲከፈት የራሴን ድርሻ ሣር እንደምሰጠው በማርያም ምዬ ነው ያስመለስኩት።

ወሬው ጓድ ውባየሁ ጆሮ ደረሰ። ጓድ ውባየሁ ከላይ የተላከ የንብረት ተቆጣጣሪ ነው፤ ቀጭን፣ ኮፍያው ከራሱ የሚሰፋ። በፊቱ ሁላችንም «እርስዎ» እንለዋለን፤ አሁን እዚህ ስለሌለ «እሱ» እለዋለሁ። መጣ፤ ሙዳይን ዞራት፤ መቀርቀሪያው የነበረበትን ባዶ ቦታ በጣቱ ጎረጎረና፣

«ይህች መኪና ለሰፊው ሕዝብ አደጋ ነች» አለ።

የትምወርቅ «ሰፊው ሕዝብ የሚወለደው በእሷ ነው ጓድ» አለችው።

ኮፍያውን አስተካከለ። «በሚመጣው ሐሙስ እመለሳለሁ። እኔው ራሴ ተሳፍሬባት ጓሳ ደርሳ ትመለሳለች። ክዳኑ ከቦታው ንቅንቅ ካለ ቁልፏን ይዤ እሄዳለሁ። ግቢ ውስጥ ትቆማለች።»

ግቢ ውስጥ የቆመች መኪና ምን እንደምትሆን እናውቃለን። ዶሮ ይፈለፈልባታል።

ጓድ ውባየሁ ሲሄድ የትምወርቅ ገብታ፣ ከዕቃ ቤት አሮጌውን ቃሬዛ አውጥታ አቧራውን ማራገፍ ጀመረች። እኔና ገሠሠ ያንን ማየት አልቻልንም፤ ወደ ውጭ ወጣን።

«ዳኜ፣» አለኝ ገሠሠ፣ «ዕድሜህን ሙሉ ውሸት ስትፈጥር ኖርክ። እስቲ ዛሬ አንድ እውነት ፍጠር።»

እንዲህ ሲነኩኝ አእምሮዬ ይሠራል። «ነፋስ ምንድን ነው?» አልኩት። «ግፊት ነው። ከነፋስ የባሰ ግፊት ምንድን ነው? ባሩድ ነው። ባሩድ ሲፈነዳበት የማይበረገድ መዝጊያ የትኛው ነው?»

ገሠሠ አፉን ከፍቶ አየኝ። ቀጥሎ ዙሪያውን አየ። ከዚያ በሹክሹክታ «እመት ጠጄ!» አለ።

እዚህ ላይ አንድ የመንዝ ምስጢር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ምስጢር ማለት ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያወራው ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ጠመንጃ አስረክቡ» የሚል ትእዛዝ መጥቶ ነበር። ተረካቢው ያው ጓድ ውባየሁ ነው። ለመንዝ ሰው ጠመንጃ ማስረከብ ሱሪ አውልቆ ከማስረከብ አይለይም። አለማስረከብ ደግሞ እስር ነው። አዛውንቶቹ ተሰብስበው መከሩና መላ አገኙ፤ ጠመንጃውን ሰጡ፣ መዝጊያውን አስቀሩ። መዝጊያ የምለው ባለ እጀታውን ብረት ነው፤ ወደ ፊት ገፍተው ጥይት የሚያጎርሱበትን፣ እጀታውን ወደ ታች ጥለው የሚቆልፉትን። «መዝጊያው ቤቴ ካለ ጠመንጃዬን አልሰጠሁም፤ አውሼ ነው እንጂ» ይላሉ እስከ ዛሬ። ጓድ ውባየሁ በዚያን ጊዜ ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም ነበር። ሰደፍና አፈሙዝ ያለውን ሁሉ ተረከበ። በስብሰባ ላይ ቆሞም «ሁሉም የሚተኩሱ ናቸው!» አለ፤ ተጨበጨበለት። መዝጊያዎቹ ግን በሙሉ እመት ጠጄ ጎታ ውስጥ ገብስ ለብሰው ተኝተዋል። እመት ጠጄ የአርበኛ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ የባልቴት ጎታ ደፍሮ የሚፈትሽ የለም።

የበግ ጠጉር ሲፈትሉ አገኘናቸው።

«አንተ ስትመጣ ወይ በግ ጠፍቷል፣ ወይ ውሸት ተወልዷል» አሉኝ። «የትኛው ነው?»

«ሁለቱም አይደለም እመት። አራት መዝጊያ ፈልጌ ነው።»

እንዝርቱ ቆመ። «የምን መዝጊያ?»

«የጎታው።»

«የጎታ መዝጊያ እበትና ጭቃ ነው። እበት ከፈለግህ በረቱ ሞልቷል፤ ዝገን።»

«እመት፣ ገብሱ ውስጥ ስላሉት ነው የምለው።»

«ገብስ ውስጥ ነቀዝ ነው ያለው።»

ገሠሠ እንደ ጅብራ ተገትሮ ቀረ። እኔ የሙዳይን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ የጠፍሩን፣ የነፋሱን፣ የሐሙሱን ፈተና።

«የሚሳፈርባት ውባየሁ ነው?» አሉ።

«እሱ ራሱ።»

«ከመዝጊያዎቹ ሥር?»

«ከራሱ በላይ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።»

ፊታቸው በሳቅ ተሸበሸበ። ሳቁ ግን አልቆየም። «ካወቀብን እስር ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናንተም፣ አዛውንቱም።»

«አዎ እመት።»

እንዝርቱን አንድ ጊዜ አሾሩት። «ያቺ ቃሬዛ ላይ የቀረችው የወንድሜ ልጅ ነበረች» አሉ። ከዚያ እንዝርቱን አስቀመጡና ተነሡ። «ምን ትገተራላችሁ? ጎታውን አዘንብሉ!»

አራት መረጡልን፤ ሁለት የምንሽር፣ አንድ የቤልጂግ፣ አንድ የለበን ጠመንጃ። ዝገት እንዳይበላቸው ቅቤ ጠጥተው የገብስ ዱቄት መስለዋል። ለበኑን ሲሰጡኝ ግን ከእጃቸው አልለቀቅ አለ።

«ይሄ የባሌ ነው። ለብቻው ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ሐሙስ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።»

«እመት፣ ፈተና ነው እኮ፤ ሽርሽር አይደለም» አለ ገሠሠ።

«ወገቧን አሟታል በላ! ጤና ጣቢያ አይደላችሁም?»

ቀጥቃጩ ገብረየሱስ መዝጊያዎቹን ሲያይ ወናፉን ለቀቀው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የመኪና ዕቃ» አልኩት።

«ይሄ የመኪና ዕቃ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ።»

«እንግዲያው ይባርኩን አባታችን።»

ሳቀ፤ መሳቁ ነው ያዳነን፤ የሳቀ ሰው እምቢ አይልም። ከተሰበረ የጤና ጣቢያ አልጋ እግሮቹን ቆረጥን፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ቧንቧ ነው። ገብረየሱስ መዝጊያው እየተንሸራተተ እንዲገባበት አድርጎ አሰፋው፤ ጎኑን በመሮ ሰነጠቀና ስንጥቁን ጫፉ ላይ ወደ ታች አጠፈው። ቧንቧው ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል በብሎን ይታሰራል። መዝጊያውን ሲገፉት ጫፉ ከክዳኑ አልፎ የመኪናዋ ብረት ውስጥ ይሰካል፤ ከዚያ እጀታው በታጠፈው ስንጥቅ ወርዶ ይቀመጣል። መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር እጀታው በክብደቱ የባሰ ይቀመጣል እንጂ አይነሣም። ለእያንዳንዱ መዝጊያ የራሱ ቧንቧ አስፈለገው፤ ምንሽሩ ለበኑ ቤት አይገባም፣ ለበኑም ቤልጂጉ ቤት ዞር አይል፤ እንደ ጣውንት።

ማክሰኞ ሦስቱ አለቁ። ረቡዕ ሚካኤል ዋለ። ገብረየሱስ «በሚካኤል መዶሻ አላነሣም፤ ሙዳይ ብትቀር ትቅር» ብሎ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ለመንኩት፣ ቆጣሁት፣ ዳዊት ጠቀስኩለት፤ ግማሹን ብቻ ስለማውቅ አልበቃኝም። እኔም ባዶ እጄን አልተመለስኩም። ቀለም መቀባት ጌጥ ነው እንጂ ሥራ አይደለም ብዬ፣ ከመፈክር ሰሌዳ በተረፈ ቀይ ቀለም ሦስቱን መዝጊያዎች ቀባኋቸው። አብዮታዊ ሆኑ። ሐሙስ ጠዋት ገብረየሱስ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ቤልጂጉን ጨረሰ። ጓድ ውባየሁ ገበያውን አቋርጦ ሲመጣ የመጨረሻው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።

ጓድ ውባየሁ ክዳኑን በመዳፉ ደበደበ። ቀጥሎ በበሩ እጁን ሰዶ አንዱን እጀታ ያዘና ከፈተው፤ ገፋው፤ ቆለፈው። ቀጭ! ቋ!

ጉድ ፈላ። ያ ድምፅ የጠመንጃ መቀባበል ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ገበያው ላይ ያሉ ሽማግሌዎች ሁሉ ስማቸው የተጠራ ይመስል በአንድ ጊዜ ዞሩ። አንዱማ በጉን ለቆ ከድንጋይ ኋላ ተኛ። እመት ጠጄ ወዲያው «ወይኔ ወገቤን! ወይኔ ልሞት ነው!» ብለው ገበያውን በጩኸት አደበላለቁት። የትምወርቅ ደግፋ ወደ መኪናዋ ወሰደቻቸው።

«ይህ የት አገር ሥሪት ነው?» አለኝ ጓድ ውባየሁ።

«በራስ ኃይል ነው ጓድ።»

«ቀዩስ?»

«ከልባችን የወጣ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ አለው። ገሠሠ መሪውን ያዘ፤ ጓድ ውባየሁ ከጎኑ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔ፣ የትምወርቅና እመት ጠጄ ከኋላ ሆነን ጉዞ ተጀመረ። መሐል ሜዳ ከተማን እስክናልፍ ደህና ነበርን። እመት ጠጄ ግን አፋቸው አላረፈም።

«ልጄ፣ አግብተሃል?»

«የሕዝብ ሥራ ጊዜ አልሰጠኝም እማማ።»

«ይሰጥሃል። ሥራህ ለቀማ አይደል? ከየቤቱ ጠመንጃ ስትለቅም አንዷን ልጅ ጠብ ታደርግ ነበር።»

የትምወርቅ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፤ እንደ እኔ ጥፋት።

ጓሳ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ይጠብቀን ነበር። መጀመሪያ በመስኮት ገብቶ የጓድ ውባየሁን ኮፍያ ወሰደ። ጓድ ውባየሁ «ኮፍ—» ሲል ቃሉን አጋማሹ ላይ ወሰደው፤ «ያዬን!» የሚለው የተሰማን አንድ መታጠፊያ ካለፍን በኋላ ነው። ከዚያ ነፋሱ ክዳኑን ያዘ። ሳበ። ክዳኑ እምቢ አለ። ነፋሱ ገረመው፤ ለእሱ እምቢ ያለ ክዳን አይቶ አያውቅማ። እንደገና ሳበ። መዝጊያዎቹ ባሩድ ያሳደጋቸው ናቸው፤ ነፋስ ለእነሱ እስትንፋስ ነው። በዚህን ጊዜ ነፋሱ ተናደደ። ከገደሉ ሥር ተንደርድሮ መጣና፣ ክዳኑ ከመኪናዋ አልለይም ስላለው መኪናዋን ከነክዳኗ አነሣት።

አዎ፣ በረርን። መሐላዬን አስታውሱ። አራቱም ጎማ መሬት ለቀቀ። ከታቻችን ጭላዳዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው አንጋጠው ያዩናል። ገሠሠ ጨዋ ሾፌር ነው፤ መሪውን አልለቀቀም፤ አንድ ጊዜም ጥሩምባ ነፋ፤ ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ሁልጊዜ ጭቃው የሚይዘንን ጅረት በላዩ ተሻገርነው። ማዶ ያለው የጓሳ ሣር ላይ እንደ ዝንብ አረፍን።

«ፍሬን ይዤ ነበር» አለ ገሠሠ፣ ላብ እያጠመቀው።

«አየር ላይ?» አልኩት።

«ልማድ ነው።»

ክዳኑን ቀና ብለን አየነው። አንዲት ጭረት አልፈጠረም። እልል ልል አፌን ስከፍት ግን ጓድ ውባየሁን አየሁትና ዘጋሁት።

እጁ ከራሱ በላይ ያለው እጀታ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ አነሣው፤ ወደ ኋላ ሳበው፤ ገፋው፤ ቆለፈው። ቀጭ፣ ቋ። ቀዩ ቀለም በጥፍሩ ተላጠና ከሥሩ የተቀረጸ ቁጥር ብቅ አለ። ለካስ ሰውየው ተምሯል። ለአብዮት በዓል የክብር ተኩስ ሊለማመድ አንድ ቀን ብቻውን መጋዘን ገብቶ፣ ጥይት ሊያጎርስ ቢል ማጉረሻ አጣ። ሁሉንም አገላብጦ አየ፤ ሁሉም ጋ ቀዳዳ። ከዚያ «ለአገር ጥይት እንቆጥብ» ብሎ በዓሉን በጭብጨባ አሳለፈው። የዚያን ቀዳዳ መልክ ግን አልረሳውም።

«ይህ» አለ፣ «የመኪና ዕቃ አይደለም።»

የትምወርቅ እጄን ጨበጠችው፤ በፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ጥፍሯ ገብቷል።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው» አሉ እመት ጠጄ፣ ወገባቸው በአንድ ጊዜ ተሽሎት። «የያዝከው ለበን የባሌ ነው። እሰረኝ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ምን ብለህ ነው የምታስረኝ?»

«የጠመንጃ መዝጊያ ደብቀዋል ብዬ!»

«የየትኛው ጠመንጃ?»

«የተረከብኩት…» አለና ቆመ።

«እንዴ! እሱማ የሚተኩስ ነው ብለህ አይደል የተጨበጨበልህ? የሚተኩስ ጠመንጃ መዝጊያው እላዩ ላይ ነው። እላዩ ላይ ካለ ይሄ መዝጊያ አይደለም። ይሄ መዝጊያ ከሆነ ደግሞ ያኔ ያልከው ነገር…»

አልጨረሱትም። የቀረውን ጓድ ውባየሁ ራሱ ሲጨርሰው ፊቱ ላይ አየነው። ከንፈሩን ነከሰ። ኮፍያውን ሊያስተካክል እጁን ሰደደ፤ ኮፍያ የለም። ነፋሱ ሙዳይን ዞሮ ፉጨቱን ያፏጫል። የተላጠውን ቀለም በአውራ ጣቱ ወደ ቦታው ለጥፎ ለጥፎ፣

«ይህ የመኪና ዕቃ ነው» አለ። «ጥሩ የመኪና ዕቃ ነው።»

የትምወርቅ ግን ሥራዋን አትረሳም። «ክዳኑ ተነቃንቋል ጓድ?»

«መኪናዋ ተነቃነቀች እንጂ» አለ በረዥሙ ተንፍሶ፣ «ክዳኑስ አልተነቃነቀም።»

እመት ጠጄ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔም ከኋላ ሁለቱንም ክዳን በመዳፌ እየመታሁ ዘፈንኩ፤ ገሠሠ ጥሩምባውን ከሞላሌ ዳገት ጀምሮ አልለቀቀውም። ሕዝቡ ወጥቶ ጠበቀን። ጓድ ውባየሁ በር ከፍቶ ወረደና «በሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ፣ በራስ ኃይል የተሠራ መቀርቀሪያ ፈተናውን አልፏል! መኪናዋ እዚሁ ትቀጥላለች!» ብሎ ጮኸ። ተጨበጨበለት፤ ከበፊተኛው ይበልጥ ተጨበጨበለት። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ መጥተው የየራሳቸውን መዝጊያ በዓይናቸው ተሳለሙ። ገብረየሱስ ደግሞ «የሚካኤል ሥራ ነው» እያለ የሠራውን ሁሉ ለመልአኩ ሰጠው። የትምወርቅ የቃሬዛውን ሸራ ፈትታ፣ እንጨቱን ለእመት ጠጄ ለማገዶ ሰጠቻቸው።

ጓድ ውባየሁ ከመሄዱ በፊት እመት ጠጄን ወደ አጥር ጥግ ሳባቸው። ዘበኛ ስለሆንኩ የአጥር ወሬ መስማት ሥራዬ ነው።

«እማማ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመጪው በዓል አንዲት ጠመንጃ እንኳ ብትተኩስልኝ… አንድ ብቻ… ለአንድ ቀን…»

እመት ጠጄ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንተም ትዋሳለህ እንግዲህ» አሉት። «እስቲ ከአዛውንቱ ጋር እንመክርበታለን።»

አሁን፣ መሐላ መሐላ ነውና አንዲት ነገር ከራሴ እንደጨመርኩ ልናገር። ጓድ ውባየሁ ከፊት፣ እመት ጠጄ ከኋላ ተቀመጡ ያልኩት ውሸት ነው። እመት ጠጄ ገና በሩ ሲከፈት ገብተው ከፊት ተደላደሉ፤ «ወገቤ» ያለች አሮጊት ደግሞ ማን ያስነሣል? ጓድ ውባየሁ ጓሳን ያየው ከኋላ፣ ከእኔና ከየትምወርቅ ጎን ተጨብጦ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አቅፎ ነው፤ ለበኑንም የነካው በእሳቸው ትከሻ ላይ እጁን ዘርግቶ ነው። የመንግሥት ሰው ክብር እንዳይነካ ብዬ ነው ቦታ ያለዋወጥኳቸው። የቀረው ሁሉ፣ መብረራችንም ጭምር፣ እንዳለ ነው።